ሼፊልድ ላይ የሰፈር ፐብ፦ ከየት ልጀምር? እንዴትስ ነው የሚገባው?

አዲስ ገቢ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ለማስተርስ ሼፊልድ ከመጣሁ ሁለት ወር አለፈኝ። አብረውኝ የሚማሩት ልጆች ነገራቸው ሁሉ ፐብ ነው፣ የእንግሊዞቹ የሰፈር መጠጥ ቤት። ፈተና አለቀ፣ ፐብ። ዝናብ ጣለ፣ ፐብ። እኔ እስካሁን ሰበብ እየፈጠርኩ አመልጣለሁ። ነገሩ ግን መጠጡ አይደለም፣ አገባቡን ስለማላውቀው ነው።

አንዴ ብቻዬን ሞክሬያለሁ። ከቤቴ ሁለት መታጠፊያ አለፍ ብሎ ያለ አሮጌ ፐብ ገባሁና ጥግ ይዤ ቁጭ አልኩ። አስተናጋጅ እየጠበቅኩ ነው። አሥር ደቂቃ አለፈ፣ ሩብ ሰዓት ሆነ፣ ዞር ብሎ ያየኝ የለም። ከዚያ እጄ አመሉን አመጣና አጨበጨብኩ! ሁለቴ፣ ጧ ጧ አድርጌ፣ አራት ኪሎ ያለሁ መስሎኝ። ቤቱ ጸጥ አለ። የተኛ ውሻ ሳይቀር ቀና ብሎ አየኝ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ምን እንደመሰላቸው እንጃ፣ አብረውኝ አጨበጨቡ። ጃኬቴን አንጠልጥዬ ወጣሁ።

አሁን ቅዳሜ ወንድሜ ከበርሚንግሃም ሊጠይቀኝ ይመጣል፣ እሱም እንደኔ ነው፣ አያውቅም። ከኢንተርኔት 12 ፐብ የያዘ ዝርዝር አውጥቻለሁ፣ በአንድ ቀን ልናዳርሰው። ይቻላል? የትኛው ይቅር? ምን ይታዘዛል? ሁለት ቢራ ካለፍኩ ወሬ የምደጋግም ሰው ነኝ፣ ይህንንም አስቡልኝ።

ብርሌ፦

ወንድሜ ጭብጨባህ ገደለኝ፣ እንባዬን እየጠረግኩ ነው የምጽፍልህ።

መጀመሪያ ያን ዝርዝር ቅደደው። 12 ፐብ በአንድ ቀን የሚዞር ሰው 12 በር ነው የሚያየው። ሁለት ይበቃሃል፣ ቢበዛ ሦስት። ፐብን እንደ ቦሌ ባር አድርገህ ካሰብከው ነገሩ አይገባህም። ሰፈር ውስጥ እንዳለ ግሮሰሪ አስበው፣ ከዚያም ይልቅ እንደ ጠላ ቤት። ስሙም ሲፈታ የሕዝብ ቤት ማለት ነው። እኛ ጋ ጠላ የደረሰላት ሴት በሯ ላይ እንጨት ተክላ ጣሳ ትደፋበት የለ? እዚህም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1393 ንጉሥ ሪቻርድ ሁለተኛ ቢራ የሚሸጥ ሁሉ ደጁ ላይ ምልክት ይስቀል ብሎ አዘዘ፣ የቢራውን ጥራት የሚቀምሱት ሹማምንት ቤቱን በቀላሉ እንዲያገኙት። ሕዝቡ ፊደል ስላልቆጠረ ምልክቱ ሥዕል ሆነ። ዛሬ በየበሩ የምታየው አንበሳ፣ ዘውድ፣ መርከብ ምናምን ከዚያ የቀጠለ ነው። በነገራችን ላይ ሼፊልድ ውስጥ እገሌ ሆቴል የሚባል ፐብ ስታይ አልጋ አለ ብለህ ሻንጣ ይዘህ እንዳትሄድ። እኛም አገር ሻይ ቤቱ ሁሉ ሆቴል ይባል አይደል።

አሁን ወደ አገባቡ። ቁጭ ብለህ አትጠብቅ። በቀጥታ ወደ ባንኮኒው ሂድ፣ እዚያው ታዛለህ፣ እዚያው ትከፍላለህ፣ ብርጭቆህን ራስህ ተሸክመህ ወደ ወንበርህ ትመለሳለህ። ሰልፍ አታይም፣ ግን ሰልፍ አለ! ማን ቀድሞ እንደመጣ ቋሚዎቹ በሙሉ በዓይናቸው ይዘውታል። ቀጂው ጠቁሞ አንተን ከጠየቀህ፣ «እሳቸው ይቀድማሉ» ብለህ ወደ ጎንህ ጠቁም። በዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር የሰፈሩ ልጅ ትሆናለህ። እጅ ማወዛወዝ፣ ገንዘብ ማሳየት፣ ማጨብጨብ (ይቅርታ) ነውር ነው።

ባንኮኒው ላይ የተደረደሩ ረጃጅም የእንጨት እጀታዎች ታያለህ። ዋናው ነገር እነሱ ናቸው። ከእጀታው የሚወጣው ቢራ እኛ ድራፍት ብለን በጃምቦ የምንጠጣው ዓይነት አይደለም። በርሜሉ ምድር ቤት ነው ያለው፣ ቢራው እዚያው በርሜል ውስጥ ገና እየፈላ ነው የሚመጣው፣ ጋዝም አልተጨመረበትም። ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ይቀመጣል። «የእንግሊዝ ቢራ ሞቃት ነው» የሚሉት ለዚህ ነው። ሞቃት አይደለም፣ ከፍሪጅ አልወጣም እንጂ። በርሜሉ አንዴ ከተከፈተ በሦስት ቀን ገደማ ማለቅ አለበት፣ አለዚያ እንደ ከረመ ጠላ ይኮመጥጣል። ብዙ ሰው የሚገባበት ፐብ ቢራው የሚጣፍጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ሲቀዱ ቆመህ ተመልከት። ልጅቷ እጀታውን በሙሉ ክንዷ ስባ ታወርደዋለች፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ቢራው ወተት የተቀላቀለበት መስሎ ይወጣና ቀስ እያለ ከታች ወደ ላይ ይጠራል። እንደኛ ባሉ የሰሜን ከተሞች የቧንቧው አፍ ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ያላት ትንሽ ክዳን ያስገቡበታል፣ አረፋው ወፍራም እንዲሆን። የለንደን ሰው ይህን አይወድም፣ ቢራው ተበላሸ ይላል። ሼፊልድ ውስጥ ግን አረፋ የሌለው ቢራ ብትሰጣቸው የሚመልሱልህ ሽማግሌዎች አሉ።

የትኛውን እንደምታዝ ካላወቅህ «መቅመስ ይቻላል?» በል፣ እነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ በትንሽ ብርጭቆ በነፃ ያቀምሱሃል። ከዚያ ግማሽ እዘዝ። ሙሉው ፓይንት 568 ሚሊ ሊትር ነው። ለአንተ ዓይነቱ ወሬ ደጋጋሚ ግማሹ ይሻላል፣ ማንም አይስቅብህም።

የምመክርህ ሰፈር ኬልሃም አይላንድ ነው። በትራም ሼልስሙር ወርደህ ጥቂት በእግር ነው። ደሴት የተባለው ድሮ ለወፍጮ የተቆፈረ የውሃ ቦይ ከዶን ወንዝ ጋር ስለከበበው ነው። አልማ ስትሪት ላይ ያለው ፋት ካት እ.ኤ.አ. በ1981 የተከፈተ ነው። ያኔ አካባቢው የተዘጋ ፋብሪካና ጭቃ ነበር፣ ጠጪውም የለመደው የትልልቆቹን ጠማቂዎች ቢራ ብቻ ነው። ከዚያ በ1990 ጎኑ ላይ የራሱን ጠመቃ ጀመረ፣ ፔል ራይደር የሚባለው ቢራቸው በ2004 የአገሪቱ ምርጥ ቢራ ተብሎ ተሸለመ። ጠመቃው በ2022 ሊዘጋ ሲል ከሼፊልድ ውጭ ያለ ሌላ ጠማቂ ቢራውን ተረክቦ አተረፈው። ትንሽ ራቅ ብሎ ኬልሃም አይላንድ ታቨርን አለ፣ ይኸኛው በ2008ም በ2009ም የብሔራዊ ምርጥ ፐብነት ሽልማት የወሰደ ቤት ነው። በመሃላቸው ያለው መንገድ የአንድ ሲጋራ ያህል ነው። በቃ፣ ቅዳሜህ ይኸው።

የሌሊት ፈረቃ፦

ብርሌ ልክ ብለሃል፣ ግን ቅዳሜ? እኔ ብሆን በቅዳሜው አልስማማም። ነርስ ነኝ፣ ዘጠኝ ዓመት ኖሬበታለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኬልሃም አይላንድ የሙሽራ ሚዜ ሁሉ ተሰብስቦ የሚጮህበት ነው፣ መቀመጫም አታገኙም። ቅዳሜ ግድ ከሆነ በር ሲከፈት ግቡ፣ እኩለ ቀን አካባቢ። ማክሰኞ ወይ ሐሙስ ቢሆን ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ያወራችኋል።

ሌላ፣ ከተማው ሁለት የኳስ ቡድን አለው። ዩናይትድ ቀይና ነጭ፣ ዌንስደይ ሰማያዊና ነጭ። አዎ፣ ረቡዕ የሚባል ቡድን ነው፣ ቅዳሜ የሚጫወት። ጨዋታ ባለበት ቀን ስታዲየሙ አካባቢ ያሉ ፐቦች የባለሜዳውን ደጋፊ ብቻ የሚያስገቡበት ጊዜ አለ። ቀይና ነጭ ሹራብ ለብሳችሁ የዌንስደይ ሜዳ ሂልስቦሮ አካባቢ እንዳትንገላቱ።

አንድ ደግሞ ማንም ያልነገረኝ፣ ልንገርህ። እዚህ ሰው ሁሉ «ላቭ» ነው የሚልህ። ባንኮኒ ላይ ያለው ንቅሳታም ወንድዬ፣ የአውቶቡስ ሹፌሩ፣ ሁሉም። ባሌ መጀመሪያ ሰሞን በጣም ደንግጦ ነበር፣ «ምን ማለቱ ነው ይሄ ሰውዬ?» እያለ። ምንም ማለቱ አይደለም። እናቶቻችን ለማያውቁት ልጅ «ሆዴ» እንደሚሉት ነው።

ለሴቶችም ልበል፣ ከሥራ ወጥቼ ብቻዬን መጽሐፍ ይዤ የምቀመጥበት ፐብ አለኝ፣ አገር ቤት ይህን ባደርግ ሰፈሩ ምን ይለኝ እንደነበር አስቡት። እዚህ የጠየቀኝ ቢኖር «መጽሐፉ ጥሩ ነው?» ነው። ከተማ መሃል ማታ ማታ ያሉትን ትልልቅ የመጠጥ ቤቶች ግን በዚህ አልቆጥራቸውም፣ እነዚያ ሌላ ዓለም ናቸው።

ስድስቱ ፓይንት፦

ስለ ዙር ማንም አላነሳም እንዴ?! እኔ የተቃጠልኩበት እሱ ነው።

ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ስድስት ሆነን ገባን። እኔ የአበሻ ልጅ ነኛ፣ ማንም ሳይቀድመኝ ዘልዬ ለስድስቱም ከፈልኩ። ወደ ሠላሳ ፓውንድ ተጠጋ። እኛ ጋ ቢሆን «ኧረ በእናትህ!» «ኧረ በሞቴ!» ተባብለን እጅ ለእጅ ተያይዘን እንተጋገል ነበር፣ እነዚህ ግን «ቺርስ» አሉና ጠጡ። ቅር አለኝ። ለካ ጨዋታው ገና መጀመሩ ነው። አንዱ ሲጨርስ ተነሳና ለስድስታችን አመጣ። ከዚያ ሌላው። ሰው ስድስት ከሆነ ስድስት ዙር፣ ስድስት ዙር ከሆነ ስድስት ፓይንት። እኔ ሁለተኛውን ሳልጨርስ አራት ሙሉ ብርጭቆ ፊቴ ተደርድሮ እንደ ሎተሪ ሻጭ ቁጭ ብያለሁ። እምቢ ማለት ደግሞ አፈርኩ። ወደ ቤት እንዴት እንደሄድኩ የሚያውቀው እግዜርና የታክሲው ሹፌር ነው።

ትምህርቴ ይሄ ነው፦ ብዙ ሆናችሁ ስትገቡ ገና ከበሩ «እኔ ለራሴ እገዛለሁ» በል፣ ማንም አይቀየምም። ዙር ውስጥ ገብተህ ያንተ ተራ ሲደርስ ሽንት ቤት መጥፋት ግን ስምህን ያጠፋዋል። አይናገሩህም፣ ይቆጥሩታል። ጉርሻ ደግሞ ባንኮኒው ላይ ጥሎ መሄድ አልተለመደም። መስጠት ካማረህ ስትከፍል «አንድ ለራስህም» በለው፣ የፈለገውን ትንሽ ጨምሮ ይቆርጣል።

የደሴዋ፦

ለማይጠጡ እጽፋለሁ፣ እኔ ሙስሊም ነኝና። ረቡዕ ረቡዕ ማታ ከጎረቤቶቼ ጋር የፐብ ጥያቄና መልስ ውድድር እሄዳለሁ፣ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። የሎሚ ጭማቂ በሶዳ («ላይም ኤንድ ሶዳ») በሉ፣ ከሁሉም ርካሽ ነው። አንድም ቀን ለምን አትጠጪም ያለኝ የለም። የጂኦግራፊ ጥያቄ ሲመጣ ሁሉም ወደ እኔ ነው የሚዞረው፣ ስለ እንግሊዝ የቴሌቪዥን ድራማ ሲመጣ ደግሞ ተነስቼ ለስላሳ አመጣላቸዋለሁ። ሥጋ ለማትበሉም ልንገራችሁ፣ ባንኮኒው ኋላ በፕላስቲክ ተንጠልጥሎ የሚሸጠው ቡናማ ቁርጥራጭ የአሳማ ቆዳ ጥብስ ነው! ቺፕስ መስሎት አንድ የአገራችን ልጅ ግማሹን ከበላ በኋላ ነው የነገርኩት።

አዲስ ገቢ፦

ኧረ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም! አሳማውን ስላነሳሽ እህቴ፣ አንድ ልጠይቅ። ወንድሜ የነቢያትን ጾም ይጾማል። ቢራ ገብስ ነው፣ ጾም አይገድፍም ይላል። የሚበላስ ነገር ያገኛል?

ብርሌ፦

ተጠንቀቅ፣ እዚህ ላይ ነገር አለ። ከእጀታው የሚቀዳውን ቢራ ለማጥራት ድሮ ጀምሮ የሚጨምሩበት ነገር ከዓሣ ሆድ ዕቃ ነው የሚሠራው፣ ዓሣው የሚንሳፈፍበት የአየር ከረጢት አለ አይደል፣ እሱ ደርቆ ነው። ብርጭቆው ውስጥ አይቀርም፣ ዝቃጩን ይዞ በርሜሉ ሥር ይቀመጣል። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍተውም፣ ወንድምህ የንስሐ አባቱን ይጠይቅ! ዛሬ ግን ዓሣ ሳይነካው የሚሸጥ ብዙ ቢራ አለ፣ «የቪጋን የቱ ነው?» ብሎ ባንኮኒው ላይ መጠየቅ ብቻ ነው። ጉሽ ጠላ መስሎ ደፍረስ ያለውን ካየ አይደንግጥ፣ ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ለምግቡ፣ ቺፕስ ይዘዝና ሄንደርሰንስ ሬሊሽ ያፍስበት። ብርቱካናማ ወረቀት የተለጠፈባት ጠርሙስ በየጠረጴዛው አለች። ሼፊልድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1885 ጀምሮ የሚሠራ ጥቁር ማባያ ነው፣ እሱን የሚመስለው የዉስተር ሶስ ዓሣ አለበት፣ የሼፊልዱ የለበትም። የሼፊልድ ሰው ፊት ሁለቱን አንድ ናቸው እንዳትል ብቻ።

የድሮው ሰው፦

ልጆች፣ እኔ እዚህ ከተማ የመጣሁት እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። የምትሉት ሁሉ ደስ ይላል፣ ግን ኬልሃም አይላንድ ኬልሃም አይላንድ ስትሉ ሳይ ትንሽ አፈግፍጌያለሁ። እሱ አሁን የወጣትና የአፓርታማ ሰፈር ሆኗል።

እኔ ስመጣ ፐብ የብረት ሠራተኛው ነበር። እቶን ፊት ስምንት ሰዓት የቆመ ሰው ከሥራ ሲወጣ የሚጠጣው ለስካር አልነበረም፣ ላቡን ለመተካት ነበር። ያን ጊዜ ኤክልሳል ሮድ ስታልፉ የዋርድስ ጠመቃ የብቅል ሽታ መንገዱን ሞልቶት፣ እናቴ ጓዳ የገባሁ ይመስለኝ ነበር። ብቅሏን አስጥታ፣ አሻሮ ቆልታ፣ ጌሾ ስትወቅጥ። የነሱ ጌሾ ሌላ ቅጠል ነው እንጂ ሥራው ያው ነው። ዋርድስ በ1999 ተዘጋ። በዚያው ዓመት ስቶንስ የሚጠመቅበትም ተዘጋ። አሁን ሽታው የለም። ጭሱም የለም፣ እስከ ሐምሌ 2007 ድረስ ፐብ ውስጥ ይጨስ ስለነበር ወደ ቤት ስገባ ባለቤቴ ካፖርቴን በር ላይ ነበር የምታስወልቀኝ።

አንተ ልጅ አሁን መምጣትህ እድለኛ ነህ። ከኖቬምበር 11 በኋላ ካለው እሁድ ጀምሮ እስከ ገናቸው ማግስት ድረስ በምዕራብ በኩል ባሉት መንደሮች ፐብ ውስጥ የገና መዝሙር ይዘመራል። ዳንግወርዝ የምትባል መንደር አለች፣ ሮያል ሆቴል የሚባለው ቤት የታወቀ ነው። እሁድ እኩለ ቀን ነው፣ ቀደም ብሎ ያልሄደ ደጅ ይቆማል። መድረክ የለ፣ ተመልካች የለ። አንዱ ጥግ ኦርጋን ይነካል፣ ገበሬው፣ ጡረተኛው፣ ልጁ፣ ብርጭቆውን እንደያዘ ይዘምራል። ስለ እረኞቹ የሚናገረውን አንዱን መዝሙር ብቻ በስንትና ስንት ዜማ ያወጡታል፣ ያኛው ሰፈር የራሱ ዜማ አለው፣ ይኼኛው የራሱ። ለምን ፐብ ውስጥ? ድሮ ቤተ ክርስቲያን ነበር የሚዘመረው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቀሳውስቱ ይህ ጩኸት ነው፣ ሥርዓት የለውም ብለው ከለከሉት፣ ሕዝቡም ዜማውን ይዞ ጠላ ቤቱ ገባ። እኔ መጀመሪያ የሰማሁት ቀን ቃሉን ሳላውቀው አለቀስኩ። ወንበር ያገኘሁት አንዲት አሮጊት ዳሌዋን ጠጋ አድርጋ ነው።

ከመሄድህ በፊት ደውለህ ጠይቅ፣ አውቶቡሱ እሁድ እሁድ ያጉላላል።

የሌሊት ፈረቃ፦

ጋሼ እርስዎ ጋ ተቀላቅዬ መሄድ እፈልጋለሁ፣ ዘጠኝ ዓመት ኖሬ አልሰማሁም ነበር!

አዲስ ገቢ፦

ሪፖርት ላቅርብ።

ቅዳሜ በር ሲከፈት ፋት ካት ገባን። ወንድሜ የቪጋኑን ጠየቀ፣ ልጅቷ ሦስት አቀመሰችው። ፊቱን ያያችሁት ቢሆን። የመጀመሪያውን «ሬት ነው» አለ፣ ሁለተኛውን ዝም አለ፣ ሦስተኛውን ግማሽ አዘዘ። ሰልፍ ጋ «እሳቸው ይቀድማሉ» አልኩኝ ብርሌ፣ ሰውየው ዞር ብለው አይተውኝ «አመሰግናለሁ ላቭ» አሉኝ። ወንድሜ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወደ ጓሮ ወጣ። ከዚያ በእሳት ምድጃው አጠገብ ተቀምጠን፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ እናታችን አወራን። ስለ እሷ እንዲህ አውርተን አናውቅም። ሁለተኛው ፐብ ሳንደርስ ባቡሩ ደረሰ። ከ12ቱ አንዱን ማለት ነው ያየሁት።

ትላንት ማክሰኞ ደግሞ ድፍረት ገባኝና ያ የሰፈሬ ፐብ፣ ያዋረደኝ፣ ተመልሼ ሄድኩ። በቀጥታ ወደ ባንኮኒው። ግማሽ አዘዝኩ፣ ከፈልኩ፣ ያንኑ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ያ ሽማግሌ እዚያው ናቸው፣ ውሻውም። ጋዜጣቸውን ዝቅ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ጋዜጣውን አስቀምጠው ሁለቴ አጨበጨቡ። ጧ ጧ።

እሁድ ወደ ዳንግወርዝ መኪና ይዞ የሚሄድ ካለ ይጻፍልኝ፣ የነዳጁን እጋራለሁ።